ከጠቢብ እስከ ጠይብ፤ የሙያ፣ የማዕረግና የሕዝብ ስሞች ስለ መክበራቸውና ስለ መዋረዳቸው

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይላል ያገራችን ሰው። የቃልን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ከዚህ የተሻለ መመሪያ አይገኝም፤ ነገር ግን ሥሩ የከበረ ሆኖ ቅርንጫፉ የተዋረደ ቃል አለ፤ ጥንት የጥቂቶች ማዕረግ የነበረና ዛሬ ለማንም የሚሰጥ ቃልም አለ። ትናንት አባት ለልጁ በፍቅር፣ መኰንን ለንጉሡ በትሕትና፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ ያለ ክፉ ሐሳብ ይናገረው የነበረ ቃል ዛሬ በአደባባይ ቢነገር ሰውን ያስቀይማል፤ አንዳንድ ጊዜም ደም እስከ ማፋሰስ ያደርሳል።

ይህ ጉዳይ የቋንቋ ሊቃውንት ብቻ አይደለም። ዜና መዋዕል፣ የመሬት መዝገብ፣ አሮጌ ደብዳቤ ወይም አዋጅ የሚያነብ ሰው ሁሉ ያጋጥመዋል። አንባቢው ቃሉን ዛሬ ባለው ትርጉም ብቻ የወሰደው እንደ ሆነ፣ ወይ ስድብ ባልነበረበት ስፍራ ስድብ ያያል፤ ወይም እውነተኛ ንቀት በነበረበት ስፍራ ንቀቱን ሳያስተውል ያልፋል። ሁለቱም ታሪክን ያጣምማሉ።

በዚህ ጽሑፍ በቅድሚያ የእጅ ሥራ ስሞችን፣ ቀጥሎ የአገልግሎትና የግብር ስሞችን፣ ከዚያም የሕዝብ ስሞችን፣ በመጨረሻም የአካልና የማዕረግ ስሞችን እንመለከታለን። ልናስረዳ የምንሻውም ይህ ነው፤ ቃል እንደ ወተት በራሱ አይበላሽም። ቃልን የሚያከብረውም የሚያዋርደውም በጠሪውና በተጠሪው መካከል ያለው ኑሮ ነው። ስለዚህም የአንድ ስድብ ታሪክ ሲጻፍ የመሬት፣ የሥራና የሥልጣን ታሪክ አብሮ መጻፉ የማይቀር ነው።

፩ የእጅ ሥራ ስሞች

በግዕዝ ጠቢብ ማለት ዐዋቂ፣ አስተዋይ ማለት ነው። ሰሎሞን ጠቢብ ይባላል፤ ከዚሁ ሥር የወጣው ጥበብ የሚለው ቃልም ከመጻሕፍት እስከ ተራ ንግግር ድረስ ክብሩን እንደ ጠበቀ ይኖራል። በግዕዙ ልማድ የእጅ ብልሃት ያለውም ሰው ጠቢብ ነበር፤ ብረት የሚያቀልጥ፣ ወርቅ የሚሠራ፣ እንጨት የሚቀርጽ ሁሉ የዕውቀት ባለቤት ተብሎ ይቈጠር ነበርና። በሸዋ በአንኮበር አካባቢ ጠቢባን ተብለው የሚጠሩ የእጅ ባለሙያዎች ይኖሩ እንደ ነበር እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር የመጡ አውሮፓውያን ጽፈዋል።

ይኸው ቃል በአማርኛ አፍ ተለውጦ ጠይብ ሆነ። ጠይብም ማለት ቀጥቃጭ፣ ብረት ሠሪ ሲሆን፣ ከዚያ አልፎ ቡዳ ማለት ሆነ፤ በዓይኑ ሰው የሚበላ፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ የሚዞር ፍጥረት ተደርጎ ተወራበት። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው ናትናኤል ፒርስና በ1840ዎቹ የመጣው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ይህን እምነት በሰፊው መዝግበውታል። በሁለቱም ጽሑፍ ውስጥ በጅብ ጆሮ ላይ የጆሮ ጉትቻ ታየ የሚለው ወሬ ይገኛል።

እንግዲህ አንድ ሥር ለሁለት ተከፈለ። የግዕዙ መልክ ከመጽሐፍና ከዙፋን ጋር ቀረ፤ የአማርኛው መልክ ከወናፉና ከመዶሻው ጋር ወረደ። የሚያስደንቀው ደግሞ ሸማኔው በሸማው ዳር የሚያወጣው ጌጥ እስከ ዛሬ ጥበብ መባሉ ነው። ባለ ጥበብ ቀሚስ የለበሰችው ወይዘሮ ትከበራለች፤ ጥበቡን የጠለፈው ሰው ግን ይሰደብ ነበር። ሥራው በስሙ ዕውቀት ተብሎ ሲመሰገን ሠሪው በስሙ ይዋረዳል።

ይህ ለምን ሆነ? መልሱ በመዝገበ ቃላት ውስጥ አይገኝም፤ በመሬት ሥርዓት ውስጥ ግን ይገኛል። በሰሜን ኢትዮጵያ የሰው ክብር የሚለካው በርስቱ ነበር። ርስት ያለው አራሽ የአገር ባለቤት ነው፤ ርስት የሌለው ግን በእጁ ሥራ እንጂ በመሬቱ አይኖርም፤ ስለዚህም በሰው አገር እንደ ተጠጋ ይቈጠራል። የቤተ እስራኤል ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። በአፄ ይስሐቅ (እ.ኤ.አ. 1414–1429) ስም የሚነገረው ትውፊት እንደሚለው፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዲወርስ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ ሆኖ እንዲቀር ተፈረደ። ርስቱን ያጣው ሕዝብ ወደ ብረት ሥራ፣ ወደ ሸክላና ወደ ሸማ አዘነበለ። ከዚያም ፈላሻ፣ ጠይብ፣ ቡዳ የሚሉት ሦስት ስሞች በአንድ ሰው ላይ ተደራረቡ፤ የመጀመሪያው መሬት ማጣቱን፣ ሁለተኛው ሥራውን፣ ሦስተኛው ጎረቤቱ የሚፈራውን ፍርሃት ይናገራል።

ፍርሃቱም ከንቀቱ ጋር ተያይዞ የሚኖር ነው። አራሹ ያለ ማረሻ ብረት አያርስም፤ ወታደሩ ያለ ጦር አይዘምትም፤ ሴቲቱ ያለ ሸክላ ምጣድ እንጀራ አትጋግርም። ሁሉ የሚፈልገው፣ ነገር ግን ማንም በጋብቻ የማይቀርበው ሰው፣ ምሥጢር እንዳለው ተደርጎ ይጠረጠራል። የአንካሴውንና የድስቱን ምሥጢር የማያውቅ ሰው ምሥጢሩን በአስማት ተረጐመው።

ነገሥታቱ ግን የእጅ ባለሙያ ማስፈለጉን ያውቁ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የአውሮፓ ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ እንዲያቀልጡላቸው አስገደዱ፤ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ወደ መቅደላ የተጎተተውም በዚሁ ጥረት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ይህ አዋጅ ለእኛ ትልቅ ሰነድ ነው፤ ምክንያቱም ንጉሠ ነገሥቱ የዘመኑን ስድቦች በየተራ ይቈጥሯቸዋል። ብረት የሚሠራው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ፣ የሚጽፈው ጠንቋይ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለው ደብተራ እየተባለ እንደሚሰደብ ያመለክታሉ። የሰው ሁሉ አባት አዳም መሆኑን አስታውሰው፣ በሌላ አገር አዲስ ሥራ የሚያወጣ ሰው እንደሚከበር ነግረው፣ ከዚህ በኋላ የሚሳደበውን በእስራት እንደሚቀጡ ያስጠነቅቃሉ።

አዋጁን የሚያነብ የዛሬ ሰው ደብተራ የሚለው ቃል በስድብ መካከል መቈጠሩ ይደንቀው ይሆናል። ደብተራ በግዕዝ ድንኳን ማለት ነው። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ቃሉ ቁርበት ማለት ከሆነው ከግሪክኛው ዲፍቴራ የመጣ ነው፤ ተማሪ የሚጽፍበት ደብተርም በዐረብኛ በኩል የመጣ የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። የኦሪት ታቦት ያደረበት ድንኳን ደብተራ ተባለ፤ በዚያ ድንኳን አምሳል በቤተ ክርስቲያን የሚዘምረውም ሊቅ በዚሁ ስም ተጠራ። ማሕሌቱን የሚቆመው፣ ቅኔውን የሚያበረክተው፣ ዜማውን ከነምልክቱ የሚያውቀው ደብተራ ነው። ነገር ግን ይኸው ሰው ክታብ ይጽፋል፣ መድኃኒት ይቀምማል እየተባለ ስለሚጠረጠር፣ ስሙ በአንድ አፍ ሊቅ፣ በሌላው አፍ ጠንቋይ ማለት ሆነ። እዚህም ሰውን ያስፈራው የማያውቀው ጥበብ ነው።

አዝማሪም እንዲሁ ነው። ሥሩ ዘመረ ነው፤ ከዚህ ሥር መዝሙር፣ መዘምር፣ መዝሙረ ዳዊት ወጥተዋል። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚዘምረው መዘምር ተባለና ከበረ፤ በጌታ አዳራሽና በጠጅ ቤት ማሲንቆ እየመታ የሚዘምረው አዝማሪ ተባለና ተናቀ። ጌታውን የሚያወድስ፣ ሲያስፈልግም በሰም ለበስ ነገር የሚወርፍ እርሱ ነበረ፤ ይሁን እንጂ ልጁን ለአዝማሪ የሚድር ባላባት አልነበረም። ጠቢብና ጠይብ፣ መዘምርና አዝማሪ አንድ ምሳሌ ናቸው፤ ሥሩ አንድ ሆኖ ሳለ ድንበሩን የለየው የቆመበት ስፍራ ነው።

፪ የአገልግሎትና የግብር ስሞች

በግዕዝ ገብር ማለት አገልጋይ ወይም ባሪያ ነው። ይህ ቃል ከቅዱሳን ስም ጋር ሲጣመር የማንም ነውር አይደለም፤ ገብረ ሥላሴ፣ ገብረ ማርያም፣ ገብረ ሕይወት ተብሎ የተጠራ ሰው በስሙ ይኰራል። በአማርኛ የዚሁ አቻ የሆነው ባሪያ ግን ሰውን እንደ ዕቃ ያስቈጥራል። ባሪያ የሚለው ስም መነሻው የሕዝብ ስም ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ዔዛና የግዕዝ ጽሑፍ ላይ ኖባ ካጠቋቸው ሕዝቦች መካከል ባሪያ የሚባል ሕዝብ ተጠቅሷል፤ በምዕራብ ኤርትራ የሚኖረውና ራሱን ናራ ብሎ የሚጠራው ሕዝብም ለብዙ ዘመን በዚሁ ስም ሲጠራ ኖሯል። ከአንድ አቅጣጫ ሰው እየተማረከ ሲሸጥ የሕዝቡ ስም የተሸጠው ሰው ሁሉ ስም ሆነ። በአውሮፓም እንዲሁ ሆኗል፤ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ባሪያን የሚያመለክተው ቃል የመጣው በመካከለኛው ዘመን ብዙ ይማረክ ከነበረው ከስላቭ ሕዝብ ስም ነው።

የሆነ ሆኖ ይህ ቃል በድሮ ሰነድ ውስጥ ሁሉ አንድ ትርጉም የለውም። በ19ኛው መቶ ዓመት በትግራይ መኳንንት መካከል ባሪያው የሚባል ስም እናገኛለን። ክርስቲያን ወላጆች ልጃቸውን የአምላክ አገልጋይ ለማለት፣ ወይም ክፉ ዓይን እንዳያየው በዝቅተኛ ስም ለመሸሸግ እንዲህ ይሰይሙ ነበር። ይህን ስም አይቶ ሰውየው ከባርነት የመጣ ነው ብሎ የሚፈርድ ተመራማሪ ፈጽሞ ይሳሳታል። በሌላ በኩል ደግሞ በሽያጭ ውል ወይም በኑዛዜ ላይ ይኸው ቃል ሲገኝ፣ በትሕትና የተነገረ ነው ብሎ ማለፍ የተሸጠውን ሰው ሁለተኛ መሸጥ ይሆናል።

ሕጉ ቃሉን ሳይሆን ነገሩን ያዘ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት ባሪያዎችን ስለ ነጻ ማውጣት የሚናገር አዋጅ ወጣ፤ በ1923 ዓ.ም. ሌላ ሕግ ተጨመረ፤ በ1934 ዓ.ም. የታወጀው ሕግ ደግሞ ባርነትን ፈጽሞ ሻረ። ባርነት በሕግ ከተሻረ በኋላ ግን ቃሉ አልሞተም። ሥራውን ካጣ በኋላ በቆዳ መልክና በአፍንጫ ቅርጽ ላይ ተለጠፈ፤ የሕግ ቃል የነበረው የጎዳና ስድብ ሆነ። ከዚህ የምንማረው፣ አንድ ተቋም ሲፈርስ ስሙ ቤት እንዳጣ ሰው ሌላ ማደሪያ እንደሚፈልግ ነው።

ገባር የሚለውም ቃል እንዲሁ ብዙ ተመላልሷል። ሥሩ ገብረ ነው፤ በግዕዝ ሠራ፣ አደረገ ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ ግብር መክፈልን ያመለክታል። በሰሜን ገባር ማለት ከርስቱ ግብር የሚከፍል አራሽ ስለ ሆነ ነውር አልነበረበትም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግዛቱ ወደ ደቡብ በሰፋ ጊዜ ግን ገባር ማለት ለወታደሩና ለሹሙ ግብርና ጉልበት እንዲሰጥ የተመደበ ሰው ሆነ። በአንድ ሰነድ ውስጥ የሰሜን ገባርና የደቡብ ገባር በአንድ ፊደል ቢጻፉም አንድ ሰው አይደሉም።

የዚሁ ሥርዓት ሁለተኛ ወገን ነፍጠኛ ነው። ነፍጥ ጠብመንጃ ነው፤ ነፍጠኛ ማለትም እንደ መድፈኛና እንደ ፈረሰኛ የጦር ሥራ ስም ነበር። ወታደሩ በደመወዝ ፋንታ ገባር ሲመደብለት የሥራው ስም የገዥነት ስም ሆነ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ሥርዓቱን ካፈረሰ በኋላ፣ ሁለቱም ቃላት ከሥራቸው ተፈቱ። ገባር ከአፍ እየጠፋ ሲሄድ ነፍጠኛ ግን በፖለቲካ ክርክር ውስጥ ኖረ፤ ነፍጥ በእጁ ጨብጦ በማያውቅ፣ ምናልባትም አያቱ ራሱ ገባር በነበረ ሰው ላይ ይወረወራል። ስለዚህ ቃሉን በ1880ዎቹ ደብዳቤ ላይ የሚያገኝ ሰው የዛሬውን ጥላቻ ወደ ኋላ መውሰድ የለበትም፤ የዛሬውን ንግግር የሚሰማም ሰው ቃሉ ድሮ የሥራ ስም ነበረ ብሎ የዛሬውን ጉዳት ማቃለል አይገባውም።

አሽከርና ሎሌም የሚጠቀሱ ናቸው። ታላላቅ መኳንንት ለንጉሠ ነገሥቱ ሲጽፉ ታማኝ አሽከርዎ ብለው ይፈርሙ ነበር፤ የትልቅ ጌታ አሽከር መሆንም የሹመት መንገድ ነበረ። ዛሬ ይህን ፊርማ የሚያነብ ወጣት ጸሐፊው ራሱን ያዋረደ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ለማን እንደሚቀርብ እያሳየ ራሱን ማክበሩ ነበር። ገረድ የሚለው ቃል በአንጻሩ ወርዶ ወርዶ ስድብ ስለ ሆነ፣ በከተማ ሠራተኛ በሚለው ተተካ። ይሁን እንጂ የቤት ሠራተኛዪቱ ደመወዝና አያያዝ እስካልተሻሻለ ድረስ ሠራተኛ የሚለውም ቃል በእመቤቲቱ አፍ የገረድን ቃና እየያዘ መምጣቱን ጆሮ ያለው ይሰማል።

፫ የሕዝብ ስሞች

የሕዝብ ስም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት፣ ሁለተኛው ጎረቤት የሚያወጣለት ነው። ጎረቤት ያወጣው ስም ሁልጊዜ ስድብ አይደለም፤ ነገር ግን የጎረቤቱን ዐይን ተሸክሞ ይኖራል።

አባ ባሕርይ የተባሉት የጋሞ መነኵሴ እ.ኤ.አ. በ1593 ገደማ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ የጻፉት መጽሐፍ ዜናሁ ለጋላ ይባላል። ሕዝቡ ግን ራሱን በዚህ ስም አልጠራም። ከ1839 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. በሸዋ የቆየው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ ሕዝቡ ራሱን ኦርማ ብሎ እንደሚጠራ አስተውሎ፣ አገሩንም ኦርማኒያ ብሎ ለመሰየም እስከ ማሰብ ደርሷል። ሆኖም የውጪው ስም በመጻሕፍትና በመንግሥት መዝገብ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ቈየ፤ የኦሮሞው ሊቅ ኦኔስሞስ ነሲብ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1894 ያሳተሙት የፊደል መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ርእሱ ላይ ይህንኑ ስም ይዞ ወጣ፤ የዘመኑ አውሮፓዊ አንባቢ የሚያውቀው ስም ይህ ነበርና። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ስሙ ከሕዝብ ጽሑፍ ወጥቶ በኦሮሞ ተተካ፤ ዛሬ በሕዝቡ ፊት መናገሩ ስድብ ነው። በምዕራቡ ቆላ ለሚኖሩ እንደ ጉሙዝና በርታ ላሉ ልዩ ልዩ ሕዝቦች በጅምላ ይሰጥ የነበረው ሻንቅላ የሚለው ስምም ከዚህ የባሰ ነው፤ ቋንቋቸውና ልማዳቸው የተለያየውን ሕዝቦች በቆዳ ቀለም ብቻ አንድ አድርጎ ይጠቀልላልና።

ፈላሻ የሚለው ስም ጉዞው ከአገር ውጪም ይቀጥላል። ሥሩ ፈለሰ፣ ማለት ተሰደደ፣ ከአገሩ ወጣ ነው። ሕዝቡ ራሱን ቤተ እስራኤል ይላል። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1985 በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። እንግዲህ ስደተኛ እየተባለ በሰው አገር የኖረው ሕዝብ፣ አገሬ ወዳለው ምድር ከገባ በኋላ ስደተኛ የሚለውን ስም ይዞ መቅረት አልፈለገም። ይሁን እንጂ እዚያም ሌላ ቃል ጠበቀው። በዕብራይስጥ ኩሺ ማለት የኩሽ አገር ሰው ነው፤ በብሉይ ኪዳን የሙሴ ሚስት ኩሻዊት ተብላለች፤ የእኛ ትርጉሞች ኢትዮጵያዊት ይሏታል። ይህ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል በዘመናዊው ዕብራይስጥ ጎዳና ላይ ጥቁር ሰውን የሚያንቋሽሽ ስድብ ሆኗል። በጎንደር መጽሐፍ ላይ ክብር የነበረው ስም በቴል አቪቭ ልጅን ከትምህርት ቤት እያስለቀሰ ይመልሳል።

የተቃራኒውም ምሳሌ በእጃችን አለ። ኢትዮጵያ የሚለው ስም ራሱ በግሪኮች አፍ ፊቱ የተቃጠለ ማለት ነበረ፤ የውጪ ሰው ስለ ቆዳችን ያወጣው ስም ነው። የአክሱም ነገሥታት ግን በግሪክኛ ጽሑፋቸው ላይ፣ በግዕዙ ሐበሠት በሚለው ስፍራ፣ ይህን ስም ራሳቸው አኖሩት፤ የመጽሐፍ ቅዱስም ትርጉም አጸናው፤ ዛሬ የአገር ስምና የክብር ምንጭ ነው። ሐበሻ የሚለው ስም ደግሞ ከዐረብኛ የመጣና ቅይጥ ሕዝብ ማለት ነው እየተባለ በአውሮፓ መጻሕፍት ሲጻፍ ኖሯል፤ አንዳንድ የእኛም ሰው ይህን ሰምቶ ስሙን እንደ ስድብ ቈጥሮታል። ነገር ግን ስሙ በደቡብ ዐረቢያና በአክሱም የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ከእስልምና በፊት ብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ የታወቀ የሕዝብና የአገር ስም ነው። እዚህ ላይ ስድቡን የፈጠረው ታሪክ አይደለም፤ ያልተጣራ የቃል ትርጓሜ ነው።

፬ የአካልና የማዕረግ ስሞች

በ1954 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ልጅ ጌታ ደንቆሮን እንደ ፈወሰ ያነብባል። ልጁ ደንቆሮ ማለት ምንም የማያውቅ ሰው ነው ብሎ ስለሚያስብ፣ ሰነፍ ተማሪ ብልህ የሆነ ይመስለዋል። በተርጓሚዎቹ ዘመን ግን ቃሉ ጆሮው የማይሰማ ሰው ማለት ነበረ። የማይሰማ ሰው አይማርም፣ የማይማርም ዐላዋቂ ነው በሚል የተሳሳተ ሐሳብ የጆሮው ስም የአእምሮ ስም ሆነ። መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ተከፍቶ እነርሱም መማር እንደሚችሉ በተረጋገጠ ጊዜ፣ ሐሳቡ ሲፈርስ ቃሉ ግን ስድብ ሆኖ ቀረ። ስለዚህም መስማት የተሳነው የሚለው አነጋገር ተተካ።

ጋለሞታም እንዲሁ ነው። ባሏ የሞተባትን ወይም የፈታችውን፣ ያለ ባል የምትኖረውን ሴት ማለት ሲሆን፣ በዚሁ መጽሐፍ ቅዱስ ረዓብ የተጠራችበት ሥጋዋን የምትሸጥ ሴት ትርጉም እየጎላ ሄደ። እዚህ ውስጥ አንድ ፍርድ ተሸሽጓል፤ ጠባቂ ወንድ የሌላት ሴት ሁሉ ትጠረጠራለች። ቃሉን ያወረደው ይህ ጥርጣሬ ነው።

ከወረዱት በተቃራኒ፣ የማዕረግ ስሞች በመርከስ ይለወጣሉ። ወይዘሮ የንጉሥ ዘር ወይም የትልቅ ቤት ሴት ስም ነበረ፤ ዛሬ ያገባች ሴት ሁሉ ወይዘሮ ናት። አቶም የተከበረ ቤት ሰው መጠሪያ ነበረ። አፄ ቴዎድሮስ በሸዋ ላይ የሾሟቸው፣ በኋላም በ1865 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ያመለጡት ምኒልክ ድል የነሷቸው ገዥ አቶ በዛብህ ይባሉ ነበር። የዛሬ ተማሪ ይህን ስም ሲያነብ ሸዋን ያለ ማዕረግ የገዛ ተራ ሰው ይመስለዋል፤ በዘመኑ ግን አቶ ማለት ራሱ ማዕረግ ነበረ። አንቱ የሚለው አጠራርም በገጠር የአክብሮት አጠራር ሲሆን፣ በከተማ እርስዎ ቦታውን ስለ ያዘ ከተሜው የባላገር አነጋገር አድርጎ ይስቅበታል። አክብሮ የተናገረው ሽማግሌ ሲሳቅበት፣ ነውሩ የሳቀው ነው።

፭ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት

እስከ አሁን ያየናቸው ምሳሌዎች ወደ ሦስት ምክንያቶች ይጠቀለላሉ። አንደኛው፣ ቃሉ የሚጠራው ሰው በኑሮው ሲዋረድ ቃሉም አብሮ ይወርዳል፤ ጠይብና ገረድ ለዚህ ምስክር ናቸው። ሁለተኛው፣ ሥርዓቱ ሲፈርስ ስሙ ከሥራው ተፈትቶ ወደ ስድብነት ይዞራል፤ ባሪያና ነፍጠኛ እንዲህ ሆነዋል። ሦስተኛው፣ ተጠሪው በራሱ ድምፅ መናገር ሲጀምር፣ በሌላው አፍ የወጣለትን ስም ይመልሳል፤ ኦሮሞ፣ ናራና ቤተ እስራኤል ይህን አድርገዋል። ለዚህ ነው ቃልን ብቻ መለወጥ የማይበቃው። ጠይብ ማለት ነውር በሆነ ጊዜ ባለ እጅ የሚለው ጨዋ ቃል ተተካ፤ ጋብቻውና ርስቱ እንደ ተከለከለ ስለ ቀረ ግን ባለ እጅም በብዙ ስፍራ የቡዳ ስም ሆነ። አዲስ ጋን ውስጥ አሮጌ አተላ የጨመረ ሰው፣ ጠላው ጎመዘዘ ብሎ ጋኑን መውቀስ አይገባውም።

ታዲያ ከአሮጌ ጽሑፍ ጋር እንዴት እንኑር? አንዳንዶች መጽሐፍ እንደገና ሲታተም ያስቀየመው ቃል ወጥቶ በዛሬው ቃል ይተካ ይላሉ። አሳባቸው ከደግነት የመጣ ነው፤ ነገር ግን ጉዳቱ ይበዛል። በአባ ባሕርይ መጽሐፍ ውስጥ የሕዝቡን ስም ብንለውጥ፣ አንባቢው በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረው መነኵሴ ሕዝቡን ራሱ በመረጠው ስም የጠራ ይመስለዋል። በዚህም በጸሐፊውና በሕዝቡ መካከል የነበረውን ርቀት እንሰውራለን፤ የደረሰውንም ንቀት ከታሪክ ምስክርነት ነጻ እናወጣዋለን። ስለዚህ አሮጌው ቃል በስፍራው ይቆይ፤ ትርጉሙና ታሪኩ በኅዳጉ ይጻፍ። በራሳችን ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን ሰውን ራሱን በሚጠራበት ስም እንጥራው። የድሮውን ቃል መጠበቅ ለመዝገብ ነው፤ ለአንደበት አይደለም።

ቃል ለመሰብሰብ ወደ ገጠር የሚወጡ ወጣት ተመራማሪዎችም አንድ ልማድ ቢይዙ እጅግ ይጠቅማል። አንድን መጠሪያ ሲመዘግቡ ትርጉሙን ብቻ አይጻፉ፤ ማን ተናገረው፣ ስለ ማን ተናገረው፣ ተጠሪው በስፍራው በነበረስ ጊዜ ይናገረው ነበርን ብለው ይጠይቁ። ቀጥቃጩ በሌለበት ጠይብ የሚለው ገበሬ፣ ማረሻውን ሊያስቀጠቅጥ በሄደ ጊዜ ምን ብሎ እንደሚጠራው መመዝገብ አለበት። አፍ ሲዳጥ በቅቤ አይታሽም እንደሚባለው፣ የተነገረ ቃል አይመለስም፤ ሰው በተጠሪው ፊት የሚውጠውንና በስተኋላው የሚያወጣውን ቃል ጎን ለጎን የጻፈ ተመራማሪ ግን የዚያን መንደር ማኅበራዊ ሥርዓት ግማሹን ጽፏል ማለት ነው።